ቶፎሊን በማርጎለስ ስቀይር ግሮቨር እምቢ አለኝ

ሰላም ጓዶች። ለምርምር ቡድናችን 4 ቢት የሚደምር ሪቨርሲብል (ወደኋላ መቀልበስ የሚቻል) ሰርኪዩት በኪስኪት (የኳንተም ኮምፒዩተር ፕሮግራም መጻፊያ) ሠርቼ የግሮቨር ፍለጋ (ከብዙ አማራጮች ትክክለኛውን መልስ የሚፈልግ የኳንተም ስልት) ውስጥ እንደ ኦራክል (ትክክለኛው መልስ ላይ ምልክት የሚያደርግ ክፍል) ከትቼዋለሁ። በተለመደው ቶፎሊ ጌት (ሁለት ቢቶች 1 ሲሆኑ ሦስተኛውን የሚገለብጥ) ሲሙሌተር ላይ ልክ ነው፤ ግን አንዱ ቶፎሊ ሲፈታ 6 ሲ-ኖት (አንዱ ቢት 1 ሲሆን ሌላውን የሚገለብጥ ጌት) ስለሚበላ እውነተኛው ማሽን ላይ የሚወጣው ሁሉ ኖይዝ ነው። ስለዚህ 3 ሲ-ኖት በሚበቃው ማርጎለስ ጌት (ከፌዝ ልዩነት በቀር እንደ ቶፎሊ የሚሠራ) ቀየርኳቸው። ጉዱ እዚህ ላይ መጣ። ተራ 0 እና 1 ስሰጠው ድምሩ አይሳሳትም፣ ሃዳማርድ ጌት አስቀድሜ በሱፐርፖዚሽን (ግቤቶቹን ሁሉ በአንድ ላይ) ሳስኬደው ግን ትክክለኛው መልስ ከሌሎቹ ጎልቶ አይወጣም። ረዳት ኪውቢቶቹ (ለጊዜያዊ ስሌት የያዝኳቸው የኳንተም ቢቶች) መጨረሻ ላይ ወደ 0 ይመለሳሉ፣ እሱን አይቻለሁ። ማርጎለስ ከስምንቱ የ0 እና 1 ግቤት ጥምሮች በአንዱ ላይ የፌዝ ምልክት ይገለብጣል (ፕላሱን ማይነስ ያደርገዋል)፤ ወደኋላ ስቀለብሰው ይጣፋል ብዬ ነበር። ታዲያ ከቶፎሊዎቹ የትኞቹን ነው ያለ ስጋት በማርጎለስ መተካት የምችለው?