«ሆፕ»ን «ጌሾ» ብሎ መተርጎም ይቻላልን?

ጥያቄ፦ ስለ ቢራ ጠመቃ የሚያስረዳ ጽሑፍ ወደ አማርኛ እየመለስሁ ነው። ለቢራ ምሬትና መዓዛ የሚሰጥ «ሆፕ» የሚባል ተክል አለ፤ ስለ ጥንታዊ የመዓዛ ሆፕ አመራረጥ የሚናገረው ክፍል ላይ ስደርስ ተቸገርሁ። «ሆፕ»ን «ጌሾ» ልበለው ወይስ ቃሉን እንዳለ ልተወው?

መልስ፣ ከባሕር ዳር፦ እንዳለ ቢተዉት ይሻላል እላለሁ። ሁለቱም ለመጠጥ ምሬት ስለሚሰጡ ሰው ሆፕን ጌሾ ቢለው አይገርምም፤ ይሁን እንጂ ጌሾ ቅጠሉና እንጨቱ የሚፈለግ ቁጥቋጦ ሲሆን፣ ሆፕ ግን በድጋፍ ላይ የሚጠመጠም ሐረግ ነው፤ ለጠመቃ የሚውለውም የሴቴው ተክል አበባ ነው። የደረቀውን አበባ በመዳፍ መካከል ሲያሹት የሚያጣብቅ ቢጫ ዱቄት ይወጣዋል፤ ምሬቱም መዓዛውም ያለው በዚያ ውስጥ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚለያቸው የሚገቡበት ጊዜ ነው። በእኛ ቤት ጋኑ በግራዋ ታጥቦ በወይራ ከታጠነ በኋላ ቀድሞ የሚገባው ከዘጌ የመጣው፣ ፀሐይ ላይ ደርቆ የተወቀጠው ጌሾ ነው፤ እርሱም በውሃ ተዘፍዝፎ ሁለት ሦስት ቀን ሲሰነብት ጥንስስ ይባላል። ብቅሉና እንኩሮው ገብቶ ድፍድፍ የሚሆነው ከዚያ ወዲያ ነው። «ሴራ ጠነሰሰ»፣ «የሐሳቡ ጥንስስ» ስንልም መነሻውን ማለታችን ነው፤ ጌሾ በቋንቋችን ውስጥ የመጀመሪያነት ቦታ አለው። የመዓዛ ሆፕ ግን መጨረሻ ላይ የሚገባ ነው። ምሬት የሚፈልግ ጠማቂ ሆፑን አንድ ሰዓት ያህል ያፈላዋል፤ መዓዛ የሚፈልግ ግን ከእንፋሎቱ ጋር ተንኖ እንዳያልቅበት ፍላቱ ሊያበቃ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት ወይም እሳቱ ከጠፋ በኋላ ይጨምረዋል። በቼክ አገር በዣቴትስ ከተማ ዙሪያ የሚበቅለው ሳዝ የተባለው የሆፕ ዝርያ፣ ምሬት የሚሰጠው አሲዱ ከ3 እስከ 4 በመቶ ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ የሚመረጠው ለለስላሳ ሽታው ነው። ይህን «ጌሾ» ብለው «መጨረሻ ላይ ይጨመራል» ብለው ቢጽፉ፣ ጠላ ስትጠምቅ የኖረች እናት እንደ ስህተት ታነበዋለች።

ተጨማሪ አስተያየት፦ በመልሱ እስማማለሁ፤ ነገር ግን «ለስላሳ ሽታ» የተባለው «ለስላሳ መዓዛ» ቢባል መልካም ነው፤ «ሽታ» ዛሬ ዛሬ ወደ መጥፎው ያደላልና። «ጥንታዊ» የሚለውም የጠፋ ያስመስላል፤ ሳዝ አሁንም የሚተከል ስለሆነ «ነባር ዝርያ» ይበሉት።