«ጊዜው ዘጋው» አሉ፤ ጊዜ ፊርማ አለው እንዴ?

የታቦር ጥላ፦ ሰሞኑን እዚህ ሀዋሳ በተሰጠ የጋዜጠኞች ሥልጠና ላይ አሠልጣኙ ስለ አሜሪካ ጋዜጦች ሲያወራ «የሴቶች ገጽ ወጥና የሠርግ ዜና ነበር፤ ጋዜጠኝነት አልነበረበትም፤ ኋላም ጊዜው ዘጋው» ብሎ አለፈ። ተጨበጨበለት። እኔን ያንገበገበኝ ጭብጨባው ነው። የዋሽንግተን ፖስትን «ለሴቶችና ስለ ሴቶች» የተባለ ክፍል እ.ኤ.አ. በጥር 1969 የዘጋው የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ ቤን ብራድሊ ነው። በምትኩ «ስታይል» መጣ፤ የመጀመሪያው አዘጋጅም ወንድ ነው፣ ዴቪድ ላቨንቶል። ጊዜ ነው እንግዲህ ላቨንቶልን የሾመው?

ቀይ እስክሪብቶ፦ ሰውየው ምን አጠፋ? ሴት ዘጋቢ ምክር ቤትና ችሎት ዝር እንዳትል የምትታጎርበት ጥግ ነበር። ያ ግድግዳ ፈረሰ ተብሎ ድንኳን ይተከላል? በ1970 ኒውስዊክን የከሰሱት 46 ሴቶች «የወጥ ገጻችንን መልሱልን» አላሉም፤ «እኛም እንጻፍ» ነው ያሉት።

የታቦር ጥላ፦ ኒውስዊክ መጽሔት ነው ወንድሜ። እዚያ ሴቶቹ መረጃ ሰብስበውና አጣርተው ያቀርባሉ፣ ወንዱ ይጽፋል፤ ክሱ በዚያ ነው። ከሴቶች ገጽ ጋር ምን አገናኘው? በዚያ ላይ «የወጥ ገጽ» ያልከው አንተ ነህ፣ እነሱ አይደሉም።

አሞራ ገደል፦ ወጥ ምን አደረጋችሁ? 😄 ዓሣ ጉላሽ የሚሠራበት ገጽ ቢኖር መጀመሪያ የምገልጠው እሱን ነው።

ሶደሬ፦ የአዳማ ሰው ጣልቃ ልግባ። የምግቡ ገጽ ለምን ወፍራም እንደነበር ሳይታወቅ ነው የሚቀለደው። ገጽ የሚቆረሰው በማስታወቂያ ልክ ነው። ትልልቅ የምግብ መደብሮች ሰዉ ለሳምንቱ መጨረሻ ከመገብየቱ በፊት፣ ረቡዕ ወይም ሐሙስ ላይ ያስተዋውቃሉ፤ ስለዚህ በዚያ ቀን የምግብ ክፍሉ ይወፍራል። ማስታወቂያው ገጹን ከያዘ በኋላ የሚተርፈውን ክፍተት የምትሞላው አዘጋጇ ናት። አንዱን ዓምድ ለምግብ አሠራር ሰጥታ በሌላው ስለ ወሊድ መቆጣጠሪያ ወይም ስለሚደበደቡ ልጆች ታወጣለች። ዋናው አዘጋጅ የፊት ገጹን እንጂ እሱን መስመር በመስመር አያነብም። ቸልታው ነው ነፃነት የሰጣቸው።

ቀይ እስክሪብቶ፦ እሺ፣ ቸልታን ነፃነት ብለን እንጥራ። ነገ ደግሞ ዝቅተኛ ደመወዝን ጾም በሉት።

የታቦር ጥላ፦ ማነው ደመወዙ ጥሩ ነበር ያለው? ዶሮቲ ጁርኒን ውሰድ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወንዶቹ ሲዘምቱ በዋሽንግተን ዴይሊ ኒውስ የከተማ ዜና ተጠባባቂ አዘጋጅ ሆና ሠራች። ጦርነቱ ሲያበቃ የሚተካትን ወንድ አሠልጥኚ ተባለች፤ ለቦታው እሷ የማትታሰበውም ሴት ስለሆነች ነው። ከዚያ ማያሚ ሄራልድ የሴቶች ገጽ ገባች። ጋዜጠኝነቷን በር ላይ አስቀምጣ ነው የገባችው? እዚያው ማያሚ ሄራልድ የሴቶች ገጽ አዘጋጇ ማሪ አንደርሰን በ1960 የተጀመረውን፣ ለሴቶች ገጾች የሚሰጠውን የፔኒ-ሚዙሪ ሽልማት ደጋግማ ስለወሰደችው ከውድድሩ አስወጧት።

ቀይ እስክሪብቶ፦ ገንዘቡን የሰጠው ማን እንደሆነ ለምን ዘለልሽው? ጄ.ሲ. ፔኒ! ልብስ ሻጭ! ማስታወቂያ አስነጋሪው የሚሸልመው ገጽ ነው እንግዲህ የነፃነት ምልክት።

ሶደሬ፦ ገንዘቡ የነጋዴ ነው፣ አዎ። ሽልማቱን ያካሄደው ግን የሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ ነው። ለፊት ገጹስ ማስታወቂያ የሚከፍለው ጻድቁ አቡዬ ናቸው?

መዝገብ ቤት፦ ልጆች፣ «ጊዜው ዘጋው» የሚለው ላይ ተቸክላችኋል። ነገሩ የቆየ ነው። በ1868 የኒው ዮርክ ፕሬስ ክለብ ለእንግሊዛዊው ደራሲ ቻርልስ ዲክንስ እራት ሲያዘጋጅ ጋዜጠኛዋን ጄን ክሮሊን አላስገባም፤ እሷም ሶሮሲስ የተባለውን የሴቶች ክበብ አቋቋመች። የዋሽንግተኑ ናሽናል ፕሬስ ክለብ ከ1955 ጀምሮ ሴት ጋዜጠኞችን ሰገነት ላይ አቁሞ ንግግር አስደመጠ፣ አባል ያደረጋቸው ግን በ1971 ነው። የፕሬዚዳንቱ ባለቤት ኤሊኖር ሩዝቬልት ደግሞ ከመጋቢት 1933 ጀምራ ለሴት ዘጋቢዎች ብቻ መግለጫ ትሰጥ ነበር፤ ዜናው እንዳያመልጠው የፈለገ ጋዜጣ ሴት መቅጠር ግድ ሆነበት። መክፈቱም መዝጋቱም ባለቤት አለው።

ቀይ እስክሪብቶ፦ ጋሼ፣ እርስዎ ያሉትን ላክብርና፣ ሻርሎት ከርቲስስ? ከኒው ዮርክ ታይምስ የሴቶች ገጽ ተነሥታ በ1974 የአስተያየት ገጽ አዘጋጅ ሆነች። ጥጉ ሲፈርስ እንዲህ ይወጣል።

የታቦር ጥላ፦ አንዷ ወጣች። ኒው ዮርክ ታይምስ ራሱ በዚያው ዓመት በሴት ሠራተኞቹ በአድልዎ ተከሰሰ። ያን ለምን ዋጥከው?

አሞራ ገደል፦ ዓሣው ጉሮሮው ላይ ተሰካ።

ቀይ እስክሪብቶ፦ አንተ ደግሞ ቁም ነገር ካለህ አምጣ።

ሶደሬ፦ የኛስ? ከሀዋሳና ከአዳማ ተቀምጦ ስለ ማያሚ መጨቃጨቅ ይቀላል። አዲስ ዘመን ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ በውስጥ ገጾቹ ማን እንደጻፈ ቆጥሮ ያሳየ አለ?

መዝገብ ቤት፦ መቁጠር የፈለገ ወመዘክር ይሂድ። ከማውጫ አትጀምሩ፤ ማውጫ የሚይዘው አዋጅና ሹመት ነው። አንድ ዓመት መርጣችሁ የውስጥ ገጾችን አንድ በአንድ ግለጡ፤ ቀኑን፣ ገጹን፣ የዓምዱን ርዕስ፣ ስሙን እንደታተመው ጻፉ። ስሙ ከዓምዱ ግርጌ በደቃቅ ፊደል ከሆነና ዓምዱ ከጥራዙ ስፌት ጋር ከተጠጋ ክሩ ይበላዋል፤ ጥራዙን በኃይል አትለጥጡት፣ ወረቀቱ ይሰነጠቃል፤ ሌላ ቅጂ ጠይቁ። ኮምፒውተር ላይ ከሆነ ደግሞ ሮማነወርቅ ካሳሁንን በአራት ዓይነት ፈልጓት፦ ስሙ ተያይዞና ተለያይቶ፣ በሳ እና በሣ። አንዱን ብቻ ጽፎ «የለችም» የሚል አለ።

ቀይ እስክሪብቶ፦ እሷ የምትታወቀው በሬድዮ ነው። ጋዜጣ ላይ ነን።

መዝገብ ቤት፦ ምሳሌው ለፊደሉ ነው። የኛ ሴት ስታገባ «ወ/ሪት» ወደ «ወ/ሮ» ይቀየር እንደሆን እንጂ ስሟ ከአባቷ ስም ጋር ይቀጥላል። የአሜሪካዋ በባሏ ስም ትሸፈን ነበር፤ የብዕር ስምም አለ። ማሪ ማኒንግ በ1898 የጀመረችውን የምክር ዓምድ «ቢያትሪስ ፌርፋክስ» ብላ ፈረመችበት፤ ከእሷ በኋላም ሌሎች በዚያው ስም ጻፉ። ስም ብቻ የቆጠረ ብዙ ሰው እንደ አንድ ይቆጥራል።

ቀይ እስክሪብቶ፦ በስም መደበቅም እንደ ድል ሊቆጠር ነው?

የታቦር ጥላ፦ ድል ያለ የለም። «ጋዜጠኝነት አልነበረበትም» ለሚል ሰው ነው መልሱ። አንተ ራስህ ቅድም «የምትታጎርበት» አልክ፤ የታጎረች ጋዜጠኛ ካለች ጋዜጠኛ ነበረች ማለት ነው።

ቀይ እስክሪብቶ፦ አሁን ደግሞ የኔን ቃል መንጠልጠል ተጀመረ።

ሶደሬ፦ ወመዘክር የምትሄዱ ከሆነ ንገሩኝ፣ ከአዳማ እቀላቀላችኋለሁ። ቀይ እስክሪብቶም ይምጣ፤ የ1960ዎቹን ጥራዞች እሱ ይያዝ።

ቀይ እስክሪብቶ፦ በየትኛው አቆጣጠር?