እቁብ ደርሶናል፤ ሦስት ልጆችና አንዲት አያት ይዘን በሐምሌ ወዴት እንሂድ?

የአራት ኪሎዋ እናት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ከባለቤቴ ጋር ስንጥለው የቆየነው እቁብ ደረሰን። መኪናው ይጠገን፣ ሶፋው ይቀየር የሚለው ክርክር ሳይጀመር «ዘንድሮ ልጆቹን ይዘን ከአገር ወጣ ብለን እንመለስ» አልኩ፤ ባለቤቴም ባልጠበቅሁት ፍጥነት ተስማማ። ጭቅጭቁ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

እሱ ዱባይ ይላል፤ የሥራ ባልደረቦቹ በሙሉ እዚያ ፎቶግራፍ ስለተነሡ ይመስለኛል። ትልቋ ልጄ 11 ዓመቷ ነው፤ ፓሪስን ካላየሁ ብላ የኤፌልን ማማ በካርቶን ሠርታ ሳሎን ውስጥ አቁማለች፤ በዙሪያው ነው የምንመላለሰው። መካከለኛው 7 ዓመቱ ነው፤ የሚፈልገው አንበሳ ብቻ ነው። አንበሳ ግቢ ወስደነው «እነዚህ ሲተኙ ነው የሚውሉት» ብሎ ተቀይሞ ተመልሷል። ትንሹ ነሐሴ 5 ቀን ሁለት ዓመት ይሞላዋል፤ ምን እንደሚፈልግ እስካሁን አልነገረንም፤ የማይፈልገውን ግን ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃል። በዚህ ላይ የባለቤቴ እናት አብረውን ይሄዳሉ። 70 ዓመታቸው ነው፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ጾም አይሽሩም።

ትምህርት ቤት የሚዘጋው ሐምሌ መግቢያ ላይ ነው። ያለን ጊዜ አንድ ሳምንት፣ ግፋ ቢል አሥር ቀን ነው። ከየት እንጀምር? አገሩን ነው መጀመሪያ የምንመርጠው ወይስ ትኬቱን? እባካችሁ «ኢንተርኔት ላይ ፈልጊ» አትበሉኝ። ፈልጌ ነው የመጣሁት፤ እዚያ ያለው ምክር በሙሉ ቪዛ ለማይጠየቅ ሰው የተጻፈ ነው።

ቸርችል ጎዳና፦

እህቴ፣ እንኳን ደረሳችሁ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ቸርችል ጎዳና ላይ ባለ የጉዞ ወኪል ቢሮ ትኬት ስሸጥ ነው የኖርኩት። ቤተሰብ ጠረጴዛዬ ፊት ተደርድሮ ሲከራከር መስማት የሥራዬ ግማሽ ነበር። አባት የአገር ስም ይዞ ይመጣል፣ እናት ዋጋ፣ ልጅ ፎቶግራፍ። የቀን መቁጠሪያ ይዞ የሚመጣ ግን አልነበረም፤ እኔ ደግሞ ከእሱ በቀር በሌላ ነገር መጀመር አልወድም።

የእናንተን ቤት እንየው። የሰኔ ጾም የሚፈታው ሐምሌ 5 ነው። ፍልሰታ ነሐሴ 1 ቀን ይገባል፤ አማትሽ በፍልሰታ ሆቴል ውስጥ እንቁላልና ቅቤ በተደረደረበት ገበታ ፊት ይቀመጣሉ ብለሽ አታስቢ፤ ልጆቹም ጿሚዎች ከሆኑ እነሱን ከቅዳሴ አስቀርቶ ባሕር ዳር መውሰድ ከአያት ጋር ያጣላል። ነሐሴ 5 ደግሞ ለአንቺ የልደት ቀን ነው፤ ለአየር መንገዱ ግን የሂሳብ ቀን ነው። ሁለት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ጭን ላይ ተቀምጦ ይሄዳል፤ የሚከፈልለትም አብዛኛውን ጊዜ የአዋቂው ዋጋ 10 በመቶ ገደማ ነው። ሁለት ዓመት ከሞላው የራሱ ወንበር ይገዛለታል። የሞላው በጉዞው መካከል ቢሆን እንኳ ለመልሱ በረራ ወንበር ያስፈልገዋል፤ ይህን ሳያውቁ መጥተው ከእኔ ጋር የተኳረፉ ወላጆች ብዙ ናቸው። እንግዲህ ጉዞሽ ማንም ድምፅ ሳይሰጥበት ከሐምሌ 6 እስከ 30 ባለው ጊዜ ውስጥ ወደቀ። በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ከጁላይ 13 እስከ ኦገስት 6 ነው።

አሁን የባልሽን ዱባይ በዚህ ውስጥ አስገቢው። በእነዚያ ቀናት እዚያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ነው። ሕፃንና አረጋዊት ይዞ የሚደረገው ጉብኝት ከሆቴል ወደ ገበያ ማዕከል፣ ከገበያ ማዕከል ወደ ሆቴል ነው። ዱባይ ጥሩ ከተማ ነው፤ በጥር።

ፓሪስ ውድ የሚሆነው ገና አውሮፕላን ሳትሳፈሩ ነው። ፈረንሳይ ለመግባት የሚጠየቀው የሸንገን ቪዛ ክፍያ ከሰኔ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው፤ ከ6 ዓመት ጀምሮ 12 ላልሞላው 45 ዩሮ፤ ከ6 ዓመት በታች ነጻ። ሦስት አዋቂና ሁለት ልጅ 360 ዩሮ መሆኑ ነው፤ ማመልከቻ ተቀባዩ ድርጅት የሚጠይቀው የአገልግሎት ክፍያና ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የሕክምና ዋስትና ሳይጨመር። ቪዛው ቢከለከል ገንዘቡ አይመለስም። ከስድስታችሁ አንዳችሁ ብትከለከሉስ? አያትን ትቶ መሄድ ነው ወይስ ሁሉም ይቅር? እቁብ በዚህ አይጣልም። ልጅቷን ግን «አይሆንም» አትበያት። ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር ቀደም ብሎ ማስገባት ይቻላል፤ ለሌላ ዓመት አብራሽ ታቅድ። 12 ዓመት ሲሞላት እንደ አዋቂ እንደምትከፍልና አሻራ እንደምትሰጥም ንገሪያት፤ ደስ ይላታል።

የእኔ መልስ ናይሮቢ ነው። ስትሰሚው እንደማያጓጓ አውቃለሁ፤ ለጎረቤት ሲነገርም ከዱባይ ያንሳል። ነገር ግን በኢትዮጵያ ፓስፖርት ያለ ቪዛ ይገባል፤ በረራው ሁለት ሰዓት ገደማ ነው፤ ሰዓቱም ከእኛ ጋር አንድ ስለሆነ የሕፃኑ እንቅልፍ አይዛባም። ሐምሌ እዚያ ደረቅና ቀዝቃዛ ወር ነው፤ እኛ ጭቃ ስንረግጥ እነሱ ሹራብ ለብሰው ፀሐይ ይሞቃሉ።

ልጅሽ የሚፈልገው አንበሳ ከከተማው ጫፍ ላይ ነው። የናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክ በ1946 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተቋቋመ፣ 117 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው ነው፤ ከሜዳው ማዶ የከተማው ሕንፃዎች ይታያሉ። አንበሳ፣ አውራሪስ፣ ጎሽ፣ ቀጭኔ አለ። አንበሳ ፈቃዱ ሲሆን ነው የሚታየው፤ ጎሕ ሲቀድ መግባት ዕድሉን ያሰፋዋል። በፓርኩ ሜዳ ዝሆን የለም፤ ልጁን አስቀድመሽ አስጠንቅቂው። ለዝሆን ከዚያው ፓርክ ጋር የተያያዘው የሼልድሪክ ማሳደጊያ አለ። እናታቸውን ያጡ የዝሆን ግልገሎች በጡጦ ወተት ሲጠጡ የሚታዩት ረፋድ ላይ ከ5 እስከ 6 ሰዓት ነው፤ ቦታ አስቀድሞ ካልተያዘ በር ላይ መቆም ነው ትርፉ። ላንጋታ የሚባለው ሰፈር ደግሞ የቀጭኔ ማዕከል አለ፤ ልጆች ከፍ ካለ ሰገነት ላይ ቆመው ቀጭኔውን በእጃቸው ያበላሉ። አማትሽ ፓርኩን መኪና ውስጥ ተቀምጠው ነው የሚያዩት፤ ጉልበታቸውን የሚፈትን ዳገት የለም።

አንድ ነገር ግን እለምንሻለሁ፤ በቀን አንድ ቦታ ብቻ። ከሰዓት በኋላው የትንሹ ነው፤ ይተኛበት፣ ሣር ላይ ይንከባለልበት። የገንዘቡን ዋጋ ለማውጣት ሲባል ልጅን ከጠዋት እስከ ማታ ማንከራተት ገንዘቡንም ልጁንም ማባከን ነው።

ሜክሲኮ አደባባይ፦

ጋሼ እንዳሉት ነው፤ እኔ የምጨምረው የጓዙን ነገር ነው። እህቴ፣ ኬንያ ከኦገስት 2017 ጀምሮ የፌስታል ከረጢት ከልክላለች። እኛ እናቶች ደግሞ ሻንጣ ስናዘጋጅ ቆሎው በፌስታል፣ በሶው በፌስታል፣ የሕፃኑ እርጥብ ልብስ በፌስታል ነው። ሁሉንም አውጥተሽ በጨርቅ ከረጢትና በክዳን ዕቃ አድርጊው።

ሁለተኛ ቢጫ ወባ። እኛ በሽታው ያሰጋቸዋል ከሚባሉት አገሮች ስለሆንን ከአንድ ዓመት በላይ የሆነ ሁሉ የክትባት ካርድ ይጠየቃል፤ ትንሹም ጭምር። ካርዱ የሚጸናው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ነው፤ ከዚያ በኋላ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል። ሕፃኑ በቅርቡ የኩፍኝ ክትባት ከወሰደ ለሐኪሙ ንገሪው፤ ሁለቱ በአንድ ቀን ካልተሰጡ በመካከላቸው አራት ሳምንት እንዲኖር ይደረጋል። አማትሽን ደግሞ ሐኪም ሳታማክሪ አታስከትቢ፤ ከ60 ዓመት በላይ የሆነን ሰው ሐኪም መጀመሪያ ያየዋል።

አውሮፕላኑ ሊያርፍ ዝቅ ማለት ሲጀምር ለትንሹ ጡጦ ስጪው። ሲውጥ ጆሮው ይከፈታል። ቀድሞ ከጠጣና ከጠገበ ግን በሚያስፈልግበት ሰዓት እንቢ ይላልና ጡጦውን ደብቂው።

የዶሮ ማነቂያ ልጅ፦

ሁላችሁም ወደ ቦሌ ትሮጣላችሁ። አንድ ሰው እንኳ ባቡር አላነሣም። ከለቡ ጣቢያ ተነሥቶ ድሬዳዋ የሚያደርስ ባቡር እያለ፣ ልጆቹ አዋሽን በመስኮት ማየት ሲችሉ! ከድሬዳዋ ሐረር በመኪና ቅርብ ነው። ጀጎል በ2006 እንደ አውሮፓውያን በዩኔስኮ መዝገብ የሰፈረ ከተማ ነው፤ ማታ ከግንቡ ውጭ ጅብ ከሰው እጅ ሥጋ ሲበላ የሚያይ የ7 ዓመት ልጅ አንበሳውን ይረሳል። ፓስፖርት የለ፣ ዶላር የለ፣ ቢጫ ካርድ የለ። አያትም ቋንቋ አይቸግራቸውም።

ቸርችል ጎዳና፦

ወንድሜ፣ አልቃወምህም። ሐረርን እወዳለሁ። ግን ባቡሩ በየቀኑ ስለማይነሣ የመነሻውን ቀን ጠይቆ ነው ሆቴል የሚያዘው፤ ድሬዳዋም በሐምሌ ሞቃት ናት። እህታችን ደግሞ የጠየቀችው ከአገር ስለ መውጣት ነው። በባቡር ከሆነ ኬንያም አለ፤ በ2017 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተከፈተው ከናይሮቢ ሞምባሳ በአምስት ሰዓት ገደማ ያደርሳል፤ የጻቮን ብሔራዊ ፓርክ ሲያቋርጥ ዝሆን በመስኮት የሚታይበት ጊዜ አለ። አሥር ቀን ካገኘሽ ጥሩ ነው፤ ሳምንት ከሆነ ተዪው። ናይሮቢ ከፍታ ላይ ስለሆነች ወባ ብዙም አያሰጋም፤ ሞምባሳ ግን ወባ ስላለ ለሕፃኑ ሐኪም ሳታማክሪ አትውረጂ።

ኪጋሊን የሚያነሣ እንደሚመጣም አውቃለሁ። ሩዋንዳ ለአፍሪካውያን ቪዛ አትጠይቅም፤ ከተማዋም ለቤተሰብ ትመቻለች። ጎሪላ ለማየት ከሆነ ግን ከ15 ዓመት በታች አይፈቀድም። ልጆችሽን ሆቴል አስቀምጠሽ ጎሪላ ልታዪ ነው?

የአራት ኪሎዋ እናት፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ጋሼ፣ ያወጡትን ቀን ማታ ለባለቤቴ አነበብኩለት። ዱባይን ለጥር አስተላልፎታል፤ ይህም ለእሱ ብዙ ነው። አማቴ የፍልሰታን ነገር ሲሰሙ «ይህ ሰው የተባረከ ነው» ብለዋል።

አንድ ነገር ግን ቀረኝ። ባለቤቴ በሥራ ምክንያት ሦስት ቀን ዘግይቶ ሊደርስብን ይችላል። እኔ ከልጆቹና ከእናቱ ጋር ቀድሜ ብሄድ ችግር አለው? የእኔ ፓስፖርት የአባቴንና የአያቴን ስም ነው የያዘው፤ የልጆቹ ደግሞ የአባታቸውን።

ቸርችል ጎዳና፦

ይህን መጠየቅሽ ደግ አደረግሽ። የእኛ ስም አወጣጥ ለውጭ ሹም ግራ ነው፤ እናትና ልጅ በአንድ የቤተሰብ ስም ካልተጠሩ «ልጆቹ የማን ናቸው?» ይላል። የሦስቱንም የልደት ምስክር ወረቀት ያዢ፤ እንግሊዝኛ የሌለበት ከሆነ ይተርጎም። ከአባታቸው ደግሞ አብረውሽ እንዲወጡ መስማማቱን የሚገልጽ፣ ሰነዶች ማረጋገጫ ዘንድ የተመዘገበ ደብዳቤ ይኑርሽ። ላይጠይቁሽ ይችላሉ፤ ከጠየቁሽ ግን ቦሌ ቆመሽ የምታዘጋጂው ወረቀት አይደለም። የልደት ቀናቸው በምስክር ወረቀቱና በፓስፖርቱ ላይ አንድ መሆኑንም ዛሬ ማታ አመሳክሪ፤ ከእኛ ዘመን አቆጣጠር ሲመለስ በሳምንት የሚሳሳት አለ። ፓስፖርታቸው ከጉዞው ቀን ጀምሮ ቢያንስ 6 ወር የሚቀረው ይሁን።

ባልሽ ብቻውን ስለሚመጣ ትኬቱን ራሱ ያንብብ። 02:15 የሚል ካየ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ15 ነው፤ ሁለት ሰዓት ከሩብ አይደለም። 00:30 የሚል ከሆነ ደግሞ ቀኑን ይጠንቀቅ፤ ጁላይ 17 ከተባለ ቦሌ መገኘት ያለበት ጁላይ 16 ማታ፣ እራቱን በልቶ ነው። በእኛ አቆጣጠር ሌሊቱ ገና የትናንቱ ስለሆነ፣ ሻንጣ ጎትተው በማግሥቱ ማታ የመጡ የተማሩ ሰዎች አይቻለሁ።

የአራት ኪሎዋ እናት፦

ማስታወሻ ይዣለሁ። ለክትባቱ ቅዳሜ ጠዋት እንሄዳለን። የዝሆኖቹን ቀጠሮ ደግሞ ትልቋ ልጄ ኮምፒውተር ላይ ራሷ ልትይዝ ተረክባዋለች።