ለእማዬ የታዘዘውን ሞርፊን እየፈራሁ ነው የምሰጣት

የአዲሱ ገበያዋ ልጅ

እማዬ የጡት ካንሰር ነው ያለባት። ወደ አጥንቷ ገብቷል። ከዚህ በኋላ ኬሞ አይጠቅማትም ተብለን ቤት ከገባን ሦስት ሳምንታችን ነው። የሞርፊን ሽሮፕ ታዞላታል፤ 5 ሚሊ ሊትር በየ4 ሰዓቱ።

እውነቱን ልናገር፤ እንደታዘዘው አልሰጣትም። አክስቴ «ይሄ እኮ የሚሞት ሰው መድኃኒት ነው፤ ደግሞ ሱስ ያስይዛታል» ካለችኝ ወዲህ ጠርሙሱን ቡፌ ውስጥ ቆልፌበት፣ ሲብስባት ብቻ ነው የማወጣው። እሷ ደግሞ እኔን ላለማስጨነቅ አመመኝ አትልም። የነጠላዋን ጫፍ ጭብጥ ስታደርግ ነው የማውቅባት። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስታቃስት እነሳለሁ። እሰጣታለሁ። እስኪሠራላት ሁለታችንም እናለቅሳለን።

ሽሮፑን ከጀመረች ደግሞ ሆዷ ደርቋል። ዛሬ አምስተኛ ቀኗ ነው። ተልባ በየቀኑ አጠጣታለሁ፣ ወይ ፍንክች።

የቁስሉ ሽታም አለ። ጠያቂ ሲመጣ ዕጣን አጨሳለሁ፣ እሷን ያስላታል። አሁንማ ሰው ሲመጣ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። ምን ላድርግ?

ነርሷ

እህቴ፣ ካንሰር ክፍል ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ቡፌውን ክፈቺው። ልጅ ካለ ከፍ ያለ ቦታ አስቀምጪው፣ ግን እናትሽ ላይ አትቆልፊባቸው።

ሕመሙ እስኪመጣ ከጠበቅሽ ሁልጊዜ ከኋላ ነው የምትሮጪው። ሽሮፑ የሚሠራው ለ4 ሰዓት ገደማ ስለሆነ በሰዓቱ ይሰጣል፤ ጠዋት 12፣ ረፋድ 4፣ ቀን 8፣ ማታ 12፣ ከዚያ ማታ 4። ብዙ ሐኪሞች የማታ 4ቱን እጥፍ አድርገው የሌሊት 8ቱን ያስዘልላሉ፤ ሕመምተኛውም አስታማሚውም እንዲተኛ። የእናትሽን ሐኪም ጠይቂ፣ በራስሽ እጥፍ አታድርጊው። በመሃል ድንገት ለሚነሳ ሕመም ተጨማሪ ስንት እንደሚሰጥም ይንገሩሽ።

ሱስ ላልሽው፣ ለሕመም በታዘዘው ልክ የሚወስድ ሰው ሱሰኛ የሚሆነው ከስንት አንዴ ነው። ሰውነት ይለምደዋል፣ ስለዚህ በድንገት አይቆምም። ሁለቱ ለየቅል ናቸው። መጀመሪያ ሁለት ሦስት ቀን እንቅልፍ ሊበዛባቸው ይችላል፤ ግማሹ የከረመ የእንቅልፍ ዕዳ ነው። ሲቀሰቅሷቸው አልነቃ ካሉ ወይም ትንፋሻቸው በጣም ከዘገየ ግን ወዲያው ደውሉ።

ተልባውን ተይው። ብዙ ውሃ ለማይጠጣ ሰው ሆድ ውስጥ ተጋግሮ ይብሳል። ሞርፊን አንጀትን ያዘገያል፣ ስለዚህ አንጀት የሚያንቀሳቅስ መድኃኒት ከመጀመሪያው ቀን አብሮ መታዘዝ ነበረበት። ቢሳኮዲል ፋርማሲ ታገኛለሽ። ግን አምስት ቀን ስለሆናቸው ካስመለሳቸው ወይም ሆዳቸው ከተነፋ ምንም ሳትሰጪ ሐኪም ይያቸው።

ቁስሉ ላይ የሚሸተው ጀርሙ ነው። የሜትሮኒዳዞል ክኒን አድቅቆ መነስነስ ሽታውን በጣም ይቀንሰዋል፤ ሐኪማቸውን «ይዘዙልን» በያቸው። ጎዙ ከደረቀ አትንቀይው። ፈልቶ በቀዘቀዘ የጨው ውሃ አርጥቢና ቀስ ብለሽ አንሺ። የምታጥቢያቸው ሽሮፑን ከወሰዱ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ይሁን።

ከደብረ ብርሃን

አባቴን ዓምና በፕሮስቴት ካንሰር ነው ያጣሁት። የኛ ጣጣ ጾሙ ነበር። ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አልቀምስም፣ መድኃኒትም ቢሆን አለ። እኔ ብለምነው፣ እህቶቼ ቢያለቅሱ አልሰማም። የነፍስ አባቱን ጠራኋቸው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው «ስጠኝ እስቲ» ብለው ሽሮፑን በእጃቸው አጠጡት። ከዚያ ወዲያ አልተከራከረም። አክስትሽም የምትሰማው ሰው አይጠፋም፤ ፈልጊው።

ምግብም አታስገድጃት። እኔ አባቴን በአጥሚት አሰቃየሁት፣ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። አፏን በጨው ውሃ እርጥብ በሆነ ጨርቅ ጥረጊላት፣ ከንፈሯን ቫዝሊን ቀቢያት።

ሌላ አስታማሚ

አዲስ አበባ ከሆንሽ ሆስፒስ ኢትዮጵያ ቤት ድረስ ነርስ ይልካል። ጠይቂያቸው።

የአዲሱ ገበያዋ ልጅ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በአራተኛው ቀን ልጻፍ ብዬ ነው። ሐኪሟ የማታውን እጥፍ አድርጎላታል፣ ሰዓቱን ስልኬ ላይ ሞልቻለሁ። ትናንት ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከልማዴ ነቃሁ፤ እሷ ታንኮራፋለች። ሆዷም ሐኪም አይቷት በነርሶቹ እርዳታ ተለቀቀላት። ሽታው ገና አልጠፋም፣ ዕጣኑን ግን ትቻለሁ። ዛሬ እትዬ ጎረቤታችን ሲመጡ «ቡና አፍዪላቸው እንጂ» አለችኝ።

አክስቴ አሁንም አኩርፋለች።

ነርሷ፣ ቢሳኮዲሉ ጠዋት ነው ማታ?

ነርሷ

ማታ ስጫቸው። የሚሠራው ጠዋት ነው።