ኩሽኔታው ቤቱ አልገባ ሲል፦ ከየት ልግዛ? ማን ያስገባልኝ?

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ፓምፕ ሲበላሽ፣ ታች ያለው ሮቶ ሞልቶ እያለ ባልዲ ተሸክሞ ደረጃ መውጣት ይመጣል። ስለዚህ «የፓምፕ ኩሽኔታ ከየት ልግዛ? ገዝቼም ቤቱ አልገባ አለኝ» ብላችሁ ለጠየቃችሁ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስት ፓምፕ ፈትቼ ያየሁትን እነግራችኋለሁ። ኩሽኔታ ማለት የሞተሩን ዘንግ የሚይዘው ባለ ኳስ ቀለበት ነው፤ «ቤቱ» ደግሞ በሞተሩ ክዳን ላይ ያለው፣ እሱ የሚቀመጥበት ክብ ጉድጓድ። የምኖረው አራት ኪሎ ነው። የምጠቁማቸው ቦታዎች ሁሉ ከዚያ በታክሲ ቶሎ የሚደረስባቸው ናቸው።

ከቤት ስትወጡ አሮጌውን ኩሽኔታ ይዛችሁ ውጡ። ጎኑ ላይ ቁጥር አለው፤ የእኔ 6202 ይላል። የመጨረሻዎቹ ሁለት አሃዞች የቀዳዳውን ስፋት ይናገራሉ፦ 00 ከሆነ 10 ሚሊ ሜትር፣ 01 ከሆነ 12፣ 02 ከሆነ 15፣ 03 ከሆነ 17፤ ከ04 ጀምሮ ደግሞ አሃዙን በ5 ማባዛት ነው። 6202 ውስጡ 15፣ ውጩ 35፣ ውፍረቱ 11 ሚሊ ሜትር ነው፤ የትም አገር ቢሠራ ይህ አይለወጥም። ከቁጥሩ ቀጥሎ የሚመጡትን ፊደላትም ቅዱ። ዜድዜድ (ZZ) ማለት በሁለቱም ጎን የቆርቆሮ ክዳን ያለው ነው፤ ሁለት አርኤስ (2RS) ደግሞ የጎማ ክዳን ያለው። ለውሃ ፓምፕ የጎማውን ውሰዱ። ሲ3 (C3) የሚል ካለበት በውስጡ ያሉት ኳሶች ትንሽ ሰፋ ያለ መንቀሳቀሻ አላቸው ማለት ነው። ጠባብ ቤት ውስጥ የሚገባ ኩሽኔታ ከውጭ ሲጨመቅ ይህ ክፍተት ስለሚቀንስ፣ ለሞተር ሲ3 ብታገኙ አትለፉት።

ለመግዛት የመጀመሪያ ምርጫዬ ሶማሌ ተራ ነው። የመኪና መለዋወጫ ሰፈር ስለሆነ «ለውሃ ፓምፕ የለንም» የሚላችሁ ይኖራል፤ አትመለሱ። ቁጥሩን ብቻ ጥሩ። የመኪና ዲናሞ ውስጥ የሚገቡት ኩሽኔታዎች ቁጥራቸው በ62 ወይም በ63 ከሚጀምሩት ስለሆኑ 6202 እና 6203 ብዙ ሱቅ ውስጥ ይገኛሉ። ሁለት ሦስት ሱቅ ሳትጠይቁ ግን አትግዙ። ባለፈው የጃፓን ነው የተባለው በአንዱ ሱቅ የቻይናውን ሦስት እጥፍ ተጠራብኝ፤ ማዶ ያለው ሱቅ ደግሞ ያንኑ ማሸጊያ በግማሽ ዋጋ ሰጠኝ። ሁለቱን ጎን ለጎን ሳያቸው የአንዱ ጽሑፍ ደብዝዞ፣ ፊደሉ ተንጋዶ ነበር።

ዋናው ችግር እዚህ ላይ ነው። ብዙ ሰው «ቤቱ ጠበበ» የሚለው ኩሽኔታው ራሱ ወፍሮ ሳለ ነው። በደንቡ የተሠራ 6202 የውጭ ስፋቱ ከ35 ሚሊ ሜትር ፀጉር ታህል እንኳ አይበልጥም፤ የተፈቀደለት ማነስ ብቻ ነው፣ እሱም እስከ 0.011 ሚሊ ሜትር። አስመስሎ የተሠራው ግን ከ35 በላይ ሆኖ ይገኛል። ይህን በካሊፐር አታገኙትም፤ ከእርሱ ይበልጥ ረቂቅ የሆነ መለኪያ፣ ሚክሮሜትር፣ ያስፈልጋል። ቶርኖ ቤት (ብረት የሚቀረጽበት ወርክሾፕ) ውስጥ ሚክሮሜትር አለ፤ ትንሽ ገንዘብ ከፍላችሁ አስለኩ። የስዊድኑ ኩሽኔታ አምራች ኤስኬኤፍ (SKF) ደግሞ ማሸጊያውን በስልክ ፎቶ አንስቶ ለማጣራት የሚያገለግል የራሱ መተግበሪያ አለው፤ የእርሱን ምርት ለምትገዙ ይጠቅማችኋል።

የአሮጌ ዕቃ ገበያውን ምናለሽ ተራን ለኩሽኔታ አልመክርም። ለሌላ ነገር እወደዋለሁ። የፓምፕ ክዳን፣ የማራገቢያ መሸፈኛ፣ የጠፋ ብሎን፣ ዛሬ የማይመረት እግር ያገኘሁት እዚያ ነው። ከሌላ ማሽን የወጣ ኩሽኔታ ግን በእጅ ሲሽከረከር ደህና መስሎ፣ ሞተር ላይ ሲገባ ማፏጨት ይጀምራል። ስንት ዓመት እንደሠራም አይታወቅም።

አሁን ወደ ማስገባቱ። የመጀመሪያውን ፓምፕ ለአንድ ጠጋኝ ሰጥቼው ነበር። እያየሁት ኩሽኔታውን የቤቱ አፍ ላይ አስቀምጦ፣ መሃሉን በማርቴሎ እየመታ አስገባው። ገባ። ፓምፑም ሠራ። በሦስተኛው ሳምንት ግን ጎረቤት እስኪሰማ ድረስ ይጮህ ጀመር። ፈትቼ በጣቴ ሳሽከረክረው እየቆመ እየቆመ ይሄዳል፤ ኳሶቹ የሚሄዱበት መስመር ተጎርብጧል። ቤቱ ውስጥ ስታስገቡ ጉልበቱ ማረፍ ያለበት በውጭው ቀለበት ላይ ነው፤ ዘንግ ላይ ስትሰኩ ደግሞ በውስጠኛው። መሃሉ ከተመታ ዱላውን የሚቀበሉት ኳሶቹ ናቸው።

ከመግፋት በፊት ለምን እንደጠበበ ፈልጉ። የቤቱን አፍ በጥፍራችሁ ዙሩት። የቀድሞው ኩሽኔታ በካቻቢቴ ተፈንቅሎ ከወጣ፣ ጥፍራችሁን የሚይዝ ትንሽ ጉብታ ታገኛላችሁ። እሷን ብቻ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብላችሁ አንሱ፤ ወለሉንና ግድግዳውን አትንኩ። ነጭ ዱቄት የመሰለ የአልሙኒየም ዝገት ካለም በጨርቅና በትንሽ ናፍጣ ይለቃል። አንዳንዴ ደግሞ ልኩ ትክክል ሆኖ ኩሽኔታው ዘንበል ብሎ ስለገባ ብቻ ይነክሳል፤ አውጥቶ ቀጥ አድርጎ መጀመር ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላም ጠቦ አልገባ ያለውን ሙቀትና ቅዝቃዜ ያስገቡታል። እኔ ኩሽኔታውን በፌስታል ጠቅልዬ ፍሪዘር ውስጥ አሳድረዋለሁ። ጠዋት ቤቱ ያለበትን የሞተሩን የአልሙኒየም ክዳን ብቻውን፣ ጎማውም ሽቦውም ከተነሣለት በኋላ፣ እንጀራ የማይጋገርበት አሮጌ የኤሌክትሪክ ምጣድ ላይ እደፋዋለሁ። የውሃ ጠብታ ጣል ሲደረግበት ቸስ ብሎ ከጠፋ በቂ ነው። 35 ሚሊ ሜትር የሆነ የአልሙኒየም ቀዳዳ ሙቀቱ በ80 ዲግሪ ሲጨምር 0.06 ሚሊ ሜትር ያህል ይሰፋል፤ ከፍሪዘር የወጣው ብረት ደግሞ 0.016 ያህል ያንሳል። ሲያዩት ምንም አይደለም፤ ሲያስገቡት ግን ኩሽኔታው ከእጅ ላይ ጠብ ብሎ ወለሉን ሲነካ «ጠቅ» ይላል። መዶሻ የለ፣ ግፊት የለ። ወፍራም ጓንት አድርጉ፣ አትዘግዩ፤ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ሁለቱ ሙቀት ይለዋወጣሉና። በእሳት ነበልባል አታሙቁ። ኩሽኔታውን ራሱንም አታሙቁት፣ ግራሶው ይጎዳል።

ምጣድም ፍሪዘርም ለማይመቻችሁ ከተክለ ሃይማኖት ወደ ሶማሌ ተራ ባለው አካባቢ ወዳሉት ቶርኖ ቤቶች ሂዱ። ሲመርጡ ዋጋ ብቻ አትጠይቁ፤ «በፕሬስ ነው የምታስገቡልኝ ወይስ በመዶሻ?» በሉ። ፕሬስ ሳይመታ እየገፋ የሚያስገባ ማሽን ነው። እኔ የምሄድባቸው አንድ አዛውንት አሉ። «ጋሼ፣ ቤቱን ትንሽ ያስፉልኝ» ስላቸው ክዳኑን ከእጄ ተቀብለው፣ ሚክሮሜትራቸውን ከጨርቅ ፈትተው መጀመሪያ ኩሽኔታውን ለኩ። «ልጄ፣ ቤቱ ጤነኛ ነው፤ የገዛኸው ነው የወፈረው። ይህን ካሰፋሁልህ ነገ ትክክለኛው ሲመጣ ውስጡ ይዞርብሃል» አሉኝ። ገንዘብ ሳይቀበሉኝ መለሱኝ። ቤት አንዴ ከሰፋ ቀለበት ሠርቶ ማልበስ ግድ ነው፤ ያ ደግሞ ከአዲስ ኩሽኔታ እጅግ ይወደዳል። ሳይለካ «እናስፋው» የሚል ቤት ካጋጠማችሁ ዕቃችሁን ይዛችሁ ውጡ። ቤቱ በእርግጥ ሞላላ ሆኖ ከተጣመመ ወይም ቀድሞ ውስጡ ዞሮበት ከተፋቀ ግን ቶርኖ ብቻ ነው የሚያድነው፤ ያን ጊዜ ክዳኑን ብቻ ሳይሆን ዘንጉንም አብራችሁ ውሰዱ።

ከመፍታታችሁ በፊት ሶኬቱን ንቀሉ፤ ካፓሲተሩ (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ክፍል) ሶኬቱ ከተነቀለም በኋላ ሊመታ ስለሚችል ባዶ እጃችሁን አታስጠጉት። ከኩሽኔታው ጋርም ከፊት ያለውን የውሃ ጎሚኒ፣ ማለትም ውሃው ወደ ሞተሩ እንዳያልፍ የሚያግደውን፣ አዲስ ግዙ። ክዳኑን ስትከፍቱ ኩሽኔታው ቡናማ ዝገት ካጋጠመው የገደለው በዚያ በኩል ያንጠባጠበ ውሃ ነው፣ አዲሱንም እንዲሁ ይገድለዋል።