ስድስት ሰው፣ 28 ጫማ ሞተርሆም፣ የሮኪ ተራሮች፦ ቁልቁለቱና ካምፑ እንዴት ይሁን?

ጥያቄ | መንገደኛ28

ሰላም ለዚህ ቤት። በጁላይ መጨረሻ ስድስት ጓደኛሞች ሆነን ከዴንቨር ተነስተን በሮኪ ማውንቴን ፓርክ፣ በግራንድ ቲተን፣ በየሎውስቶን አድርገን እስከ ግሌሸር ልንዘልቅ ነው። የተከራየነው 28 ጫማ (8.5 ሜትር) ክላስ ሲ ሞተርሆም (ውስጡ መኝታና ማብሰያ ያለው መኪና) ነው፤ ሻሲው ፎርድ ኢ-450፣ በቤንዚን የሚሠራ፣ ካምቢዮው አውቶማቲክ። ከኋላ የሚጎተት ነገር የለንም። ሹፌሮቹ ሁለት ናቸው፤ ሁለቱም ከቤት መኪና ያለፈ ነገር ነድተው አያውቁም።

ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን እንዳይግል ምን ይደረጋል? ለዚህ ርዝመት የማይሆኑ መንገዶች የትኞቹ ናቸው? መብራት በሌለው ካምፕ ማሞቂያውና ፍሪጁ ሌሊቱን ይዘልቃሉ? ደግሞ ከፍታ ላይ ከጎማ ንፋስ መቀነስ አለበት ሲባል ሰምተናል፤ እውነት ነው?

መልስ | ሁለተኛ_ማርሽ

ከዳገቱ ይልቅ ቁልቁለቱን አጥኑ። ዳገት ቢበዛ ያዘገያችኋል። ቱርቦ የሌለው ቤንዚን ሞተር በየ1,000 ጫማው (305 ሜትር) 3 በመቶ ያህል ጉልበት ስለሚያጣ፣ 11,000 ጫማ ላይ ሲሶው ጉልበት የለም ማለት ነው። ሞተሩ 4,000 ዙር ላይ ሆኖ ቢጮህ እየተጎዳ አይደለም፤ ጉልበቱ ያለው እዚያ ነው። በቀኝ መስመር በ35 ወይም በ40 ማይል መውጣት ነውር የለበትም። የሙቀት መለኪያው ከተለመደው ቦታው ማለፍ ከጀመረ ኤሲውን አጥፉ፣ ነዳጁን ቀነስ አድርጋችሁ አንድ ማርሽ አውርዱ፤ ሞተሩ ቶሎ ቶሎ ሲዞር የውሃ ፓምፑም ስለሚፈጥን ራዲያተሩ የተሻለ ያቀዘቅዛል። ካልወረደ ዳር ይዛችሁ ቁሙ። የራዲያተሩ ክዳን ግን ሞተሩ በደንብ እስኪበርድ አይነካም።

አሁን ወደ ቁልቁለቱ። የኢ-450 የተፈቀደ ሙሉ ክብደት 14,500 ፓውንድ፣ ማለትም 6,577 ኪሎ ነው። ፍሬን ሥራው ያንን ሁሉ ጉልበት ወደ ሙቀት መለወጥ ነው፤ ሙቀቱን የሚያስወጣው ግን ቀስ ብሎ ነው። እግራችሁን ፔዳሉ ላይ አሳርፋችሁ ከወረዳችሁ መጀመሪያ ሸራው ይሸታል፣ መያዙም ይደክማል። ቀጥሎ የፍሬን ዘይቱ ይፈላል፤ ዘይቱ ከአየር እርጥበት ስለሚስብ ባረጀ ቁጥር በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል። ፈሳሽ አይጨመቅም፣ እንፋሎት ግን ይጨመቃል፤ ያኔ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይወርዳል፣ መኪናው አይቆምም።

አወራረዱ እንዲህ ነው። የቁልቁለት ምልክቱን እንዳያችሁ፣ ጫፉን ሳታልፉ፣ በማርሽ ዘንጉ ጫፍ ላይ ያለውን የ«ቶው/ሆል» (የመጎተቻና የጭነት) ቁልፍ ተጫኑ። ይህ ሲበራ ፍሬን ስትነኩ ካምቢዮው ራሱ ማርሽ እያወረደ ያግዛችኋል። 6 ወይም 7 በመቶ ቁልቁለት ላይ ይህ ብቻውን ካልበቃ በእጅ ወደ 3፣ ካስፈለገም ወደ 2 አውርዱ። ትክክለኛው ማርሽ ፍሬን ሳትነኩ ፍጥነቱ ባለበት የሚቆይበት ወይም ቀስ ብሎ ብቻ የሚጨምርበት ነው። 45 ማይል ላይ ለመቆየት ከወሰናችሁ፣ 45 ሲደርስ ፍሬኑን ጠንከር አድርጋችሁ ለ3 ሰከንድ ያህል ያዙ፤ 40 ሲሆን እግራችሁን ሙሉ በሙሉ አንሱ፤ እንደገና 45 እስኪሆን አትንኩት። ፍሬኑ የሚበርደው በዚያ መሃል ነው። ለስለስ አድርጎ ሳያቋርጡ መያዝ ጥንቃቄ ይመስላል፤ ፍሬን የሚያቃጥለው ግን እሱ ነው። ማርሽ ማውረዱን ደግሞ ለመሃል ቁልቁለት አታቆዩት። ፍጥነቱ አንዴ ካመለጠ ካምቢዮው ሞተሩን ለማዳን ሲል ዝቅተኛውን ማርሽ አይቀበልም።

ሽታ ከመጣ ወይም ፔዳሉ ከለሰለሰ የመጀመሪያው ማቆሚያ ላይ ግቡ፣ ፒ ላይ አድርጋችሁ ጎማ ሥር ታኮ አስገቡ፣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይረፍ። የጋለ ዲስክ ላይ ውሃ አይደፋም። ነገሩ ከዚያ ካለፈ፣ ለከባድ መኪና ማምለጫ የተሠራው የጠጠር መውጫ ለእናንተም ነው፤ ሳታመነቱ ግቡበት። መኪናው ከጠጠሩ የሚወጣው በጎታች ነው፣ ሰው ግን ይተርፋል።

መልስ | ካርታ_በእጄ

ስለ መንገዱ ልጨምር። መኪናውን ስትረከቡ ትክክለኛ ርዝመቱን፣ ከነመስታወቱ ስፋቱን፣ ጣሪያው ላይ ካለው ኤሲ ጋር ቁመቱን ጠይቃችሁ ወረቀት ላይ ጻፉና መሪው አጠገብ ለጥፉ። ተራው የስልክ ካርታ የቁመትና የርዝመት ገደብ አያይም፤ የሚመራችሁ እንደ ትንሽ መኪና ነው።

ትሬይል ሪጅ ሮድ ይቻላል። ጫፉ 12,183 ጫማ (3,713 ሜትር) ነው፣ ቁልቁለቱ ግን ከ7 በመቶ አያልፍም። 11 ማይል ያህሉ ዛፍ ከማይበቅልበት ከፍታ በላይ ስለሆነ መብረቅ ሲመጣ መጠለያ የለም፤ በጁላይ ነጎድጓዱ የከሰዓት ነውና ጠዋት ጀምራችሁ ከቀትር በፊት እለፉት። በጠዋት መድረስ ለማቆሚያም ይጠቅማል፤ ላይ ያለው የአልፓይን ጎብኚ ማዕከል ለረጅም መኪና የሚሆነው ቦታ ቶሎ ይሞላል። አጠገቡ ያለው ኦልድ ፎል ሪቨር ሮድ ግን ከ25 ጫማ ለሚረዝም መኪና ክልክል ነው። የመግቢያ ሰዓት ቀድሞ ማስያዝ ሊያስፈልግ ስለሚችል የፓርኩን ገጽ እዩ።

ከግራንድ ሌክ በኋላ በዎልደን በኩል ወደ ላራሚ፣ ከዚያ በ80ኛው ኢንተርስቴት ወደ ራውሊንስ፣ ቀጥሎ በ287 ቁጥር መንገድ በላንደርና በዱቦይስ አድርጋችሁ ቶግዎቲ ፓስን (9,658 ጫማ) ተሻግራችሁ ሞራን ላይ ውጡ። ከላራሚ እስከ ራውሊንስ ያለው ሜዳ የጎን ንፋሱ ኃይለኛ ነው። እንደናንተ ያለ ቁመተ ረጅም መኪና ሲገፋ ፍጥነት ቀንሱ፣ ለረጅም መኪና ማስጠንቀቂያ ከበራ ቆማችሁ አሳልፉት።

ግራንድ ቲተን ውስጥ የሚያሳስተው ሙስ–ዊልሰን ሮድ ነው። ካርታ ላይ አቋራጭ ይመስላል፤ ሞተርሆም አይፈቀድበትም። ከዊልሰን ወደ ምዕራብ ያለው ቲተን ፓስም 10 በመቶ ቁልቁለት አለው፤ በእናንተ መስመር ላይ ስላልሆነ አትሂዱበት።

ግሌሸር ላይ እርማችሁን ከአሁኑ አውጡ፦ በጎይንግ ቱ ዘ ሰን ሮድ ከአቫላንሽ እስከ ራይዚንግ ሰን ባለው ክፍል ከ21 ጫማ የረዘመ ወይም ከ8 ጫማ የሰፋ መኪና አያልፍም። መስታወቱም በስፋቱ ውስጥ ይቆጠራል። ፓርኩን ከምዕራብ ወደ ምስራቅ ለመሻገር የእናንተ መንገድ በደቡብ የሚዞረው ዩ.ኤስ. 2 ነው፤ ከፍተኛው ቦታ ማሪያስ ፓስ 5,213 ጫማ (1,589 ሜትር) ብቻ ነው። መኪናውን ካምፕ ላይ አቁማችሁ የዚያን መንገድ ጫፍ ሎጋን ፓስን በቀዮቹ የጉብኝት አውቶቡሶች እዩት። እንዲያውም ሹፌሮቹም መልክዓ ምድሩን የሚያዩት ያኔ ነው።

የመታጠፊያ ነገርም አለ። ከኋላ ጎማ ወዲያ የሚተርፈው አካል ረጅም ስለሆነ ወደ ቀኝ ስትታጠፉ ጭራው ወደ ግራ ይወጣል። ነዳጅ ማደያ ላይ ምሰሶ የሚመታው በዚህ ነው፤ ከፓምፑ ቀጥ ብላችሁ ከራቃችሁ በኋላ ታጠፉ።

መልስ | ሁለተኛ_ማርሽ

የጎማው ጥያቄ ሳይመለስ ቀረ። ንፋስ አትቀንሱ። 10,000 ጫማ ላይ የውጭው አየር ስለሚሳሳ የመለኪያው ንባብ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ከ4 እስከ 5 ፒ.ኤስ.አይ (የጎማ ግፊት መለኪያ) ከፍ ይላል፤ ነገር ግን የሌሊቱ ብርድ ይህን ይመልሰዋል። 80 ፒ.ኤስ.አይ ያለው ጎማ ከ30 ዲግሪ ወደ 5 ዲግሪ ሲወርድ ወደ 8 ፒ.ኤስ.አይ ይቀንሳል። ጠዋት ሳትንቀሳቀሱ ለኩ፣ ሹፌር በር ላይ በተለጠፈው ቁጥር ሙሉ። ሲግል የጨመረውን ካስተነፈሳችሁ በማግስቱ ጎማው ጎዶሎ ሆኖ ይሄዳል፤ ጎዶሎ ጎማ ጎኑ እየታጠፈ ይግላል፣ ከጭነት ጋር ይፈነዳል። ከኋላ ድርብ ስለሆነ የውስጠኛውንም ለኩ፤ የሚረሳው እሱ ነው። ዕድሜውንም እዩ፦ በጎማው ጎን ያለው የዶት ቁጥር መጨረሻ 2322 ከሆነ በ2022 በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው።

መልስ | ጀነሬተር_አጥፉ

በሮኪ ማውንቴን ፓርክ ካምፖች የሚሰካ መብራት የለም፤ የሎውስቶን ውስጥ ያለው ፊሺንግ ብሪጅ ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ ሒሳቡን ከባትሪ ጀምሩ። ሁለት ባለ100 አምፔር ሰዓት ሊድ አሲድ ባትሪ ካላችሁ ሳይጎዳ የምትጠቀሙት ግማሹን፣ 100 አምፔር ሰዓት ነው። ማሞቂያው በፕሮፔን ቢነድም ማራገቢያው 8 አምፔር ገደማ ከባትሪ ይስባል፤ 10 ሰዓት በሚረዝም ሌሊት ውስጥ ግማሹን ጊዜ ቢሠራ 40 ይሆናል። መብራት፣ የውሃ ፓምፕና የስልክ ቻርጅ ሲጨመር 55 ቢደርስ ነው። አንድ ሌሊት ያለ ሐሳብ፣ ሁለት ሌሊት ሳይሞላ አይሆንም። ባትሪው አንድ ብቻ ከሆነ የመጀመሪያውም ሌሊት ይጠባል፤ ማሞቂያውን 15 ዲግሪ ላይ አድርጋችሁ በብርድ ልብስ ተኙ። ጀነሬተር በካምፑ በተፈቀደው ሰዓት ብቻ ይነሳል፤ ከከፍታው የተነሳ እሱም ጉልበት ስለሚያጣ ማይክሮዌቭና ኤሲ አንድ ላይ አይችልም።

ፍሪጁ በፕሮፔንም በመብራትም የሚሠራው ዓይነት ከሆነ ሁለት ነገር አለው። ተዳፋት ላይ ለብዙ ሰዓት ከሠራ ውስጡ ያለው አሞኒያ መዞሩን ያቆማል፣ ሊጠገን በማይችል ሁኔታም ይበላሻል፤ ስለዚህ ከጎማ ሥር ማስተካከያ አስገብታችሁ ቤቱን ደልዳላ አድርጉት። ሁለተኛ፣ ከ5,500 ጫማ በላይ የፕሮፔን ነበልባሉ ይደክማል፣ አንዳንዴም ይጠፋል። ጀነሬተሩ ሲነሳ ወደ መብራት ቀይሩት፣ የሚገባውንም ምግብ ቀድማችሁ አቀዝቅዙ። ነዳጅ ስትቀዱ በፕሮፔን የሚነደው ሁሉ ይጥፋ። ፕሮፔን ከአየር ስለሚከብድ የጋዝ ፍሳሽ መጠቆሚያው ወለል አጠገብ ነው፤ በሻንጣ አትሸፍኑት።

ውሃ፦ 40 ጋሎን 151 ኪሎ ይመዝናል። ተራራውን በሲሶ ታንክ ውጡ፣ ካምፑ ስትደርሱ ሙሉ። ለስድስት ሰው ቀድሞ የሚሞላው የመታጠቢያው እጣቢ ታንክ ነው፤ ሳሙና ሲቀቡ ውሃ ካልተዘጋ በአንድ ማለዳ ይሞላል። የመጸዳጃውን ታንክ ቫልቭ ሁለት ሦስተኛ እስኪሞላ ዝጉት፤ ክፍት ከቆየ ፈሳሹ ብቻ ወጥቶ ጠጣሩ ይከመራል። ስትደፉ መጀመሪያ የመጸዳጃውን፣ ቀጥሎ የመታጠቢያውን፤ ሁለተኛው ቱቦውን ያጥበዋል።

ሞሬይን ፓርክ ካምፕ 8,160 ጫማ ላይ ነው፤ ውሃ እዚያ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ጥራጥሬ ለማብሰል የግፊት ድስት ያዙ። ምድጃም ሆነ የበረዶ ሳጥን ውጭ አይደር፤ ድብ ይመጣል። ድብና ተኩላ 100 ያርድ፣ ጎሽና ኤልክ 25 ያርድ ይራቁ።

ጥያቄ | መንገደኛ28

ሁላችሁንም ከልብ እናመሰግናለን። አንድ የቀረ፦ በጉዞ ላይ ተራ የሌለው ሹፌር ከጋቢናው በላይ ያለው አልጋ ላይ ቢተኛ ችግር አለው?

መልስ | ካርታ_በእጄ

አለው። አልጋው ቀበቶ የለውም፤ ጠንካራ ፍሬን ቢያዝ ሰውየው ወደ ፊት ይወነጨፋል። መኪናው ውስጥ በተለጠፈው የክብደት ምልክት ላይ ቀበቶ ያላቸው መቀመጫዎች ብዛት፣ የሰውና የዕቃ ጠቅላላ ክብደት ወሰን፣ የሙሉ ውሃ ክብደትም ተጽፏል። ስድስታችሁ በአማካይ 75 ኪሎ ብትሆኑ 450 ኪሎ ነው፤ ከወሰኑ ላይ እሱን ቀንሳችሁ የተረፈውን ለዕቃና ለውሃ አካፍሉ። የመቀመጫው ቁጥር ከ6 ካነሰ ሳትፈርሙ መኪናው ይቀየርላችሁ።