የባትሪው ፈሳሽ እንደ ሳሙና ያሙለጨልጫል፣ ምን ላድርግ?

የበርበሬ ወንዝ ልጅ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። ኮምቦልቻ ቁራሌ እየገዛሁ ነው የምተዳደረው። ዛሬ ጠዋት ደሴ አንድ መጋዘን ሲጸዳ 14 አሮጌ ባትሪ ገዛሁ። የመኪና ባትሪ አይደሉም። ቀጠን፣ ረዘም ያሉ ናቸው፣ ውስጣቸው ያለው ፈሳሽ በፕላስቲኩ በኩል ይታያል። ክዳናቸው አካባቢ ነጭ ዱቄት ተጋግሯል። «ኒኬል ካድሚየም» የሚል ተጽፎባቸዋል።

በፒካፕ ጭነን የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ ሁለቱ ወድቀው ተሰነጠቁ። ፈሳሹ እንደ ውሃ ጥርት ያለ ነው። አሲድ መስሎኝ ቤኪንግ ሶዳ ነሰነስኩበት። የመኪና ባትሪ ቢሆን ቡፍ ብሎ ይፈላ ነበር፣ ይሄ ግን ዝም። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ በባዶ እጁ ነካካው። «አያቃጥልም፣ እንደ ሳሙና ነው» ይለኛል። አሁን ግን ጣቶቹ መቅላት ጀምረዋል። ባትሪዎቹ ገና ፒካፑ ላይ ናቸው። ከስር የአሉሚኒየም የመስኮት ፍሬም አለ። ቶሎ መልሱልኝ!

ሲስተር ከሆጤ
ሌላውን ተወውና መጀመሪያ ልጁን አስታጥበው። እንግዳ እንደምታስታጥበው፣ ከላይ በሚወርድ ውሃ፣ ሳታቋርጥ። ቢያንስ 20 ደቂቃ፣ በሰዓት ያዝ። ቧንቧው ውሃ ከሌለው ጀሪካን ደርድር። ሳፋ ውስጥ መንከር አይሆንም። ቀለበትና ሰዓት ካለው እየታጠበ ያውልቅ። ለሚያስታጥበውም ሰው ጓንት አድርጉ።

አላቃጠለኝም ማለቱ አያዘናጋህ። አሲድ ወዲያው ያንገበግባል፣ ሰው ይሮጣል። ይሄኛው ዝም ብሎ ነው ወደ ውስጥ የሚዘልቀው። የቆዳን ቅባት ወደ ሳሙና ይለውጣል። ያ የሚያሙለጨልጨው ሳሙና የራሱ ቆዳ ነው።

ልዋጭ
ወንድም፣ አቼቶ አፍስስበት። አልካሊን (የአሲድ ተቃራኒውን) አሲድ ያበርደዋል። እኔ ሁሌ እንደዚያ ነው።

ሲስተር ከሆጤ
እጁ ላይ? በፍጹም! ሁለቱ ሲገናኙ ሙቀት ይፈጥራሉ፣ ቁስል ላይ ቁስል ይጨመራል። ሎሚም፣ ቅባትም፣ የጥርስ ሳሙናም አይቀባ። ውሃ ብቻ። ዓይን ውስጥ የገባ ከሆነ ደግሞ ቆቡን ገልጣችሁ እዚያው እጠቡ። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ድረስ ላድርሰው ብላችሁ ሳታጥቡ እንዳትነሱ፣ ዓይን የሚጠፋው በዚያች መንገድ ላይ ነው። የዋጠ ካለ አያስታውክ፣ ሲመለስም ጉሮሮውን ያቃጥለዋል። አምቡላንስ ካስፈለገ የቀይ መስቀሉ 907 ነው።

ባትሪ ቤት
ሲስተር ልክ ናት። ውስጡ ያለው ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ነው። ከሳሙና መሥሪያው ኮስቲክ ሶዳ ጋር ወንድማማች በለው። ነጩ ዱቄት ፈሳሹ ወጥቶ አየር ሲያገኘው የሠራው ነው፣ እሱንም በእጅ አትጥረግ። እንዲህ ያለ ባትሪ ለባቡርና ለኃይል ማከፋፈያ መጠባበቂያ ይውል ነበር፣ አሁንም አለ።

ፍሬሞቹን አሁኑኑ አውርድ። አልካሊ አሉሚኒየምን ሲበላ ሃይድሮጅን ያወጣል። ጋዙ አየር ውስጥ 4 በመቶ ከደረሰ ብልጭታ ይበቃዋል። ቆርቆሮም ላዩ ዚንክ ስለሆነ ያው ነው። ፒካፑን ከቤት ውጭ ነፋሻ ቦታ አቁም፣ ሲጋራም ከሰልም አይጠጋው። ሴሉ (አንዱ ባትሪ) 1.2 ቮልት ብቻ ነው ብለህ ፖዘቲቭና ኔጋቲቩን በብረት ቁልፍ እንዳታገናኝ፣ ይፈነጥቃል።

የጎማ ጓንትና ዓይን የሚሸፍን መነጽር አድርግ። የተሰነጠቁትን ሳታጋድም በፕላስቲክ ባልዲ አስቀምጥ። የፈሰሰውን በደረቅ አሸዋ ወይም አፈር ምጠጠውና ዝቀህ ሌላ የፕላስቲክ ባልዲ ውስጥ ጨምረው። ሰጋቱራ ተው። ቦይ ውስጥ አትልቀቀው፣ ቦርከና ወንዝ ነው የሚገባው። የልዋጭ አቼቶ የሚጠቅመው እዚህ ጋ ነው፦ አሸዋው ከተነሳ በኋላ ለቀረችው እርጥበት፣ በውሃ አቅጥነህ።

የበርበሬ ወንዝ ልጅ
አላህ ይስጣችሁ። ፍሬሞቹን አወረድኩ። አንዱ ነጥብ ነጥብ ብሎ ተበልቷል፣ ጥቃቅን አረፋ ነበረው። ልጁን 25 ደቂቃ አስታጠብነው። የቀሩትን 12ቱን ከመኪና ባትሪዎቹ ጋር መደርደር እችላለሁ?

ባትሪ ቤት
አይሆንም፣ ለየብቻ። የአሲድ መለኪያህንም፣ ማንቆርቆሪያህንም አታጋራቸው። ጠብታ አሲድ እንኳ ሴሉን ታበላሸዋለች። ደግሞ ለብረቱ ብለህ እንዳትፈለፍለው፣ እንዳታቃጥለው። ካድሚየም መርዝ ነው፣ ጭሱ ሳንባ ይገባል። ክዳናቸውን ሳትነካ ቀጥ አድርገህ አቁማቸው።

ሲስተር ከሆጤ
አንድ ነገር ሳልጠይቅህ። ልጁ ምን ጫማ ነው ያደረገው?

የበርበሬ ወንዝ ልጅ
ሸራ። ፒካፑ ላይ ወጥቶ ነበር። ቆይ ልየው።

የበርበሬ ወንዝ ልጅ
ካልሲው ርሷል። አውራ ጣቱ ስር ቆዳው ነጭ ሆኖ ተላጥ ተላጥ ብሏል፣ እሱ ግን ምንም አልተሰማኝም ነው የሚለው። አሁን እግሩን እያጠብን ነው። 20 ደቂቃው ሲሞላ ወደ ሆስፒታል እንሄዳለን።

ሲስተር ከሆጤ
ጫማውን መልሶ አያድርግ። የባትሪውን ጽሑፍ ፎቶ አንስተህ ያዝ፣ ሐኪሙ ይጠይቅሃል።